የእመት ጃርት እሾህ

አንድ ጊዜ፣ ወንዙ ጎድሎ ውሃ የሚጠጣበት መሻገሪያ አንድ ብቻ በቀረበት በጋ፣ ንጉሥ አንበሳ አያ ጅቦን የመሻገሪያው ጭቃ ሹም አድርጎ ሾመው። ሥራው ቀላል ነበር፤ እንስሳቱ ውሃ ሲጠጡ ተራ ማስያዝ። አያ ጅቦ ግን በተሾመ ማግስት ድንጋይ ላይ ወጥቶ አዋጅ አወጀ።

«ስሙ! ለጸጥታ ሲባል ቀንድ ያለው ቀንዱን፣ እሾህ ያለው እሾሁን ለእኔ ያስረክብ! ያላስረከበ ውሃ አይቀምስም!»

አህያ ሳቀ። «እኔ ቀንድም የለኝ፣ እሾህም የለኝ። ምን ቸገረኝ!»

«ሰኮናህስ?» አለ አያ ጅቦ። «ባለፈው አገጬን ያጣመመው ማን ሆነና! አንተም ታስረክባለህ!»

አህያ ሳቁን ትቶ ሰኮናውን ጭቃ ውስጥ ደበቀ።

ቀበሮ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ጠየቀ። «ጌታዬ፣ የእርስዎስ ጥርስ? እሱም ይወጋል እኮ።»

«የእኔ ጥርስ የመንግሥት ነው!»

ከሁሉ ይልቅ የደነገጠችው እመት ጃርት ነበረች። ጉድጓዷ ውስጥ ሦስት ልጆች አሏት። ልጆቿን ከጅብ የምታድንበት ያ እሾህ ብቻ ነው። ካስረከበች ልጆቿ ይበላሉ፤ ካላስረከበች ደግሞ በውሃ ጥም ያልቃሉ። አያ ጅቦ ምራቁን እየዋጠ ሲጠጋት እግሯ ተንቀጠቀጠ። ቢሆንም ባለ በሌለ ድምፅዋ ጮኸች።

«በሕግ አምላክ!»

ሁሉም ባለበት ቀጥ አለ! በዚያ አገር ይህ ቃል ከተጠራ ሹምም ቢሆን አንድ እርምጃ አይራመድም። ሁለቱ ባለጉዳዮች እንዳይጠፋፉ ቁራኛ ታስረው አብረው ዳኛ ፊት ይሄዳሉ። ሰዎች ቁራኛ የሚታሰሩት በነጠላቸው ጫፍ ነው፤ እንስሳት ነጠላ ስለሌላቸው ጭራ ከጭራ ይታሰራሉ።

ቀበሮ ሐረግ ይዞ እየሮጠ መጣ። «ላላ አድርጌ ልሰር ወይስ ጥብቅ፣ ጌታዬ?»

«ጥብቅ ነው እንጂ! እንዳታመልጠኝ!»

ቀበሮም እንደታዘዘው አጠበቀው። ጉዞው ተጀመረ። ገና በመጀመሪያው እርምጃ አያ ጅቦ «ዋይ!» ብሎ ዘለለ።

«ምነው ጌታዬ?»

«ምንም! ምንም! ደስ ብሎኝ ነው!»

በሁለተኛው እርምጃ «ኧረ መቀመጫዬን!» አለ። በሦስተኛው ክንድ ያህል ወደ ላይ ተነሣ። አህያ ከኋላ እየተከተለ «ኑ እዩ! ጭቃ ሹሙ እስክስታ ወረዱ!» እያለ አገሩን ሁሉ ጠራ።

«ፍቱኝ! ትቼዋለሁ!» አለ አያ ጅቦ።

«ቁራኛ የሚፈታው ዳኛ ብቻ ነው፣ ጌታዬ» አለ ቀበሮ። «በርቱ፣ ኮረብታው ብቻ ነው የቀረን።»

አንበሳ ዋርካው ሥር ተቀምጦ ሁለቱንም ሰማ። ከዚያ ወደ አያ ጅቦ ዞረ።

«አንተ፣ የሾምኩህ በምን ላይ ነው?»

«በመሻገሪያው ላይ፣ ጃንሆይ።»

«መሻገሪያው የሚያበቃው የት ነው?»

«ውሃው ዳር፣ ጃንሆይ።»

«ታዲያ የእመት ጃርት ጀርባ ውሃ ነው እንዴ?»

አያ ጅቦ አሰበ፣ አሰበ። «እርጥብ ሲሆን...» ብሎ ጀመረ። ዋርካው ሥር የተሰበሰበው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ።

አንበሳ ተነሣ። «ፍርዱን ስሙ! ቀንድም፣ እሾህም፣ ሰኮናም የባለቤቱ ነው። በዚህ ጉዳይ ሕግ የሚወጣው ከዚህ ችሎት እንጂ ከየመሻገሪያው አይደለም። ጥፋት የሌለበትን የወጋ እኔ ፊት ይጠየቃል፤ ማንንም ያልወጋ ግን ውሃውን ጠጥቶ በሰላም ይግባ። ፍቷቸው!»

ሐረጉ ሲፈታ አያ ጅቦ ሊፈተለክ ተነሣ።

«ጃንሆይ!» አለች እመት ጃርት፣ አሁን እግሯ ሳይንቀጠቀጥ። «ሦስት እሾሆቼን ይዞብኝ ሊሄድ ነው!»

«የት ናቸው?»

«መቀመጫው ላይ።»

«አያ ጅቦ» አለ አንበሳ ሳቁን እየዋጠ፣ «የሌላ ንብረት ይዘህ ወዴት ነው? አስረክብ!»

አያ ጅቦም ጀርባውን ሰጥቶ፣ አንድ በአንድ እየተነቀለለት፣ ሦስት ጊዜ «ዋይ!» እያለ አስረከበ። እመት ጃርትም በዚያው ቀን ልጆቿን አስከትላ ወንዝ ወረደች፤ እስኪጠግቡም ጠጡ።

ከዚህ የምንማረው፣ ሹም ከተሾመበት ወሰን አልፎ ራሳችንን የምንጠብቅበትን ሊወስድ ሲመጣ፣ እግሩ የሚንቀጠቀጥ ፈሪ እንኳ ሕግን ጠርቶ ሊያስቆመው እንደሚችል ነው።