ዓይን የሌላት ጠያቂ

አንድ ሸማኔ ነበረ። አሥራ አንድ ሸማኔዎች በተደረደሩበት የቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ አሥራ ሁለተኛው እሱ ነው። ሥራውን ታውቂዋለሽ፤ ሸማኔ እጁ መወርወሪያውን ሲወረውር እግሩ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ መርገጫውን ይረግጣል። እጅ ብቻውን ሸማ አይሠራም። እግር ከሌለው ሸማኔነቱ ቀረ ማለት ነው፤ ይህን ያዢልኝ።

አትቁነጥነጪ ትርሲት፣ ጥያቄሽን አልረሳሁትም። «ጋሼ፣ የሠራናት መሣሪያ በየጠዋቱ ለበሽተኞቹ ትደውላለች፣ በትሕትና ትጠይቃለች፣ አትደክም፣ አትቆጣ፤ ታዲያ በሁለት ወር ውስጥ ለምን ይሸሿታል?» አይደል ያልሽኝ? አንቺ ኮምፒውተር የተማርሽ ነሽ፤ እኔ አርባ ዓመት ድሬሰር ሆኜ የሰው ቁስል ሳጥብ የኖርኩ ነኝ። በኮምፒውተሩ አልከራከርሽም፤ በቁስሉ ግን ትሰሚኛለሽ።

ሸማኔው የስኳር በሽታ ነበረበት፤ ከያዘው ዘጠኝ ዓመቱ። ሆስፒታሉ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ለቀጠሮ ሲመላለስ ሥራው እየተስተጓጎለ ተማረረ። ሐኪሙም አዘነለትና «ከእንግዲህ በሦስት ወር አንዴ ብቅ ይበሉ፤ በመሐሉ ከሥራዎ ሳይነሡ በስልክ እንከታተልዎታለን» አለው። የምትከታተለው እንግዲህ ያቺ እናንተ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የምትሏት ናት። በማግስቱ ጠዋት ስልኩ ጮኸ። ድምፅዋ የልጃገረድ ነው። «ጤና ይስጥልኝ አባባ። እኔ ሰው አይደለሁም፤ የሆስፒታሉ መሣሪያ ነኝ። እንዴት አደሩ? እግርዎስ እንዴት ነው?» አለችው።

«እግዚአብሔር ይመስገን! ደህና ነኝ ልጄ» አላት።

እስቲ ሌላ ምን ይበል? አንቺስ ብትሆኚ? እኛ እኮ ቤታችን እየተቃጠለ የደረሰ ሰው «እንዴት ዋላችሁ?» ቢለን፣ ባልዲያችንን እንደያዝን «ተመስገን፣ ደህና ነን» የምንል ሰዎች ነን። ለጠያቂ ስሞታ ማውራት ነውር ነው። መሣሪያዋ ግን ይህን ማን ነግሯት! «ደህና» ብላ ጻፈች። በማግስቱም «ተመስገን» አላት፤ እሷም «ደህና» ብላ ጻፈች። ሆስፒታሉ ውስጥ ባለው ዝርዝር ላይ ከስሙ ትይዩ አረንጓዴ ምልክቱ ተደርድሮ የጎመን መደብ መሰለ።

መጀመሪያ ሰሞን ደስ ብሎት ነበር። ሰው መሐል ስልኩ ሲጮህ «ሆስፒታሉ ነው» እያለ ይኮራል። በኋላ ግን ሰለቸው። ያው ጥያቄ፣ ያው መልስ። ጓደኞቹም «ዘመድህ ደወለች!» እያሉ ያሾፉበት ጀመር። በሁለተኛው ወር ጥያቄዋን ሳትጨርስ «ደህና ደህና፣ ተመስገን» ብሎ ይዘጋባታል፤ አንዳንድ ቀን ጭራሽ አያነሣም።

በዚህ መሐል የመርገጫው እንጨት ተሰነጠቀ። ክረምት ስለነበር በካልሲ ነው የሚሠራው፤ ስንጣሪው ካልሲውን በስቶ የቀኝ ውስጥ እግሩን በላው። ስኳር ክፉ ነው፤ እግር ያደነዝዛል። እኔና አንቺ ብንሆን በመጀመሪያው ቀን «ኧረ እግሬን!» ብለን እንዘል ነበር። እሱ ምንም አልተሰማውም። ካልሲው ሲርስ «ጉድጓዱ ውኃ አዝሏል» ብሎ ተወው። ማታ ሚስቱ እግርህን ልጠብህ ስትለው «ሽባ ነኝ እንዴ? ሂጂ ወዲያ!» ይላታል። ቁስሉ በየቀኑ ሰፋ። ሰውየው እግሩን ሊያጣ ነው። እሱም አያውቅ፣ ሐኪሙም አያውቅ፣ መሣሪያዋም «ደህና» እያለች ትጽፋለች።

አንድ ዝናባማ ጠዋት ድሩ ተበጥሶበት እየቀጠለ ሳለ ስልኩ ጮኸ። መወርወር አቁሞ ስለነበር አነሣው። «እንዴት አደሩ?» አለችው፤ «ተመስገን» አላት። ሊዘጋ ሲል አንድ ነገር ከነከነው። ይህችን ልጅ ሁለት ወር ሙሉ አንድ ቀን እንኳ «አንቺስ?» ብሏት አያውቅም። ሰው ባትሆንም ሰላምታ ሰላምታ ነው። አፈረ።

«አንቺስ ልጄ፣ ደህና ነሽ ወይ?» አላት።

«እኔ አልታመምም አባባ። ግን አንድ ያቃተኝ ነገር አለ።»

«ምን አቃተሽ?»

«ዓይን የለኝም። ሐኪሙ እግርዎን እንድከታተል አዞኛል፤ እኔ ደግሞ ማየት አልችልም። እስከ ዛሬ የጻፍኩት ሁሉ ሳላይ የጻፍኩት ነው። የሚያይልኝ ሰው ያስፈልገኛል፤ ይረዱኛል?»

የሸማኔው ልብ ስፍስፍ አለ። ይህ ሰው ለራሱ ሲሆን እርዳታ መቀበል ሞቱ ነው፤ የለመነውን ሰው ግን እምቢ ብሎ አያውቅም። «ውይ የኔ ምስኪን! ታዲያ እስካሁን ምነው ዝም አልሽ? ቆይ!» ብሎ እግሩን ከጉድጓዱ አወጣና ካልሲውን ገፈፈው። ውስጥ እግሩን ለማየት ቢሞክር ጉልበቱ አልታጠፍ አለው። አጠገቡ ወዳለው ሸማኔ ዞሮ «አንተ፣ ና እስቲ፤ ይህች ልጅ ዓይን የላትም፤ እግሬን እይና ንገራት» አለው። ያም እየሳቀ ጎንበስ አለ። ቀና ሲል ሳቁ የለም።

«በስመ አብ! አንተ ሰውዬ፣ እግርህ እኮ አልቋል!»

መሣሪያዋ መጠየቅ ጀመረች። ቁስሉ ምን ያህል ይሰፋል? ዳር ዳሩ ምን ይመስላል? ሲነኩት ይሞቃል? ሸማኔዎቹ ሁሉ ሥራቸውን ጥለው ከበቡት። አንዱ «ባቄላ ያህላል» ሲል ሌላው «የምን ባቄላ! ሎሚ ነው እንጂ፣ ዓይንህን አሳክም!» እያለ ተከራከሩላት። «አመሰግናለሁ፤ አሁን አየሁ» አለች። «አባባ፣ በዚህ እግር አንዴ እንኳ እንዳይረግጡ። ለሐኪሙ አሁኑኑ እነግረዋለሁ።» ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሐኪሙ ራሱ ደውሎ «ዛሬውኑ ይምጡ» አለው። ሸማኔው «የጀመርኩት ኩታስ?» ብሎ ሊያንገራግር ሲል አሥራ አንዱ «እኛ እንጨርሰዋለን፣ አፍህን ዝጋ!» ብለው ተሸክመው አውቶቡስ ላይ ጫኑት።

ሐኪሙ ቁስሉን አየና «አንድ ሳምንት ቢዘገዩ ኖሮ እግርዎ ይቆረጥ ነበር» አለው። ሸማኔው ስድስት ሳምንት ታክሞ፣ እግሩ ድኖ፣ በሁለቱም እየረገጠ ወደ አዳራሹ ገባ። እልልታውን ልንገርሽ! አንዱ ያቅፈዋል፣ አንዱ ይስመዋል፣ አንዱ እግሩን ካላየሁ ብሎ ካልሲውን ይጎትታል። ኩታውም ተጨርሶ ጠበቀው። አሥራ አንድ ሰው እየተቀባበለ የሠራው ስለሆነ ጥለቱ አንዴ ጠብቆ፣ አንዴ ላልቶ፣ ጉድ ሆኗል። አይቶት እንባው እስኪፈስ ሳቀ። «ይህን ማንም አይገዛኝም፣ እኔም ለማንም አልሰጥም!» ብሎ እዚያው ለበሰው።

ከዚያ ወዲያ ስልኩ ሲጮህ የሚያሾፍ ጠፋ። ሸማኔው ድምፁን ከፍ አድርጎ መሐል ያስቀምጠዋል፤ አሥራ ሁለቱም ካልሲያቸውን አውልቀው አንዱ የአንዱን ውስጥ እግር ያያል። «ኧረ ገደልከኝ፣ ታጠብ እንጂ!» «ያንተስ ቢሆን!» ሳቃቸው እስከ መንገድ ይሰማል። ሸማኔውም «ልጄ፣ ዛሬም አይተንልሻል፤ ንጹሕ ነው» ይላታል። አንድ ቀን ኔትወርክ ጠፍቶ ሳትደውል ብትቀር፣ ያ ሁሉ ሽማግሌ «ምን ሆና ይሆን?» እያለ ሲጨነቅ ዋለ።

አየሽ ትርሲት፣ በሽተኞችሽ እንደዚያ ሸማኔ ናቸው። መሣሪያሽ በጠያቂነት ስትመጣባቸው እንደ ጨዋ ሰው «ተመስገን» ብለው ይሸኟታል፤ በየቀኑ የሚመጣ ጠያቂ ደግሞ ይሰለቻል፣ ማንም ቢሆን። ያልቻለችውን ይዛ ስትመጣ ግን ደጃፋቸውን ይከፍቱላታል፤ የሷን ችግር ሲያዩላት የራሳቸውን ያያሉ። ውሸት አስተምሪያት እያልኩሽ አይደለም፤ ያቺ ያለችው እውነቷን ነው። አንቺ ሁሉን የምታውቅ አስመስለሽ ሠራሻት፤ ሁሉን ለሚያውቅ ምኑን ይንገሩት? በይ ተነሺ አሁን። ሂጂና ለመሣሪያሽ «እርዱኝ» ማለትን አስተምሪያት።