መቶ ከመቶ ያመጡት የጥርስ ሐኪም

ወረርሽኙ አገሩን ባስጨነቀበት ዓመት አንዲት ሽንኩርት ቸርቻሪ፣ ሦስት ቀን እህል ያስጣላትን መንጋጋዋን በሻሽ አስራ፣ ወደ ከተማው ብቸኛ የጥርስ ሐኪም ወደ ዶክተር ልሳነወርቅ ሄደች። ዶክተሩ ስለ ተላላፊ በሽታ በተሰጠው ፈተና መቶ ከመቶ አምጥተው፣ የምስክር ወረቀታቸውን በሽተኛው ሲጋደም ፊት ለፊት እንዲያየው አድርገው ሰቅለውታል።

እሷ ግን ያየችው ሌላ ነው። ዶክተሩ የፊተኛውን ሰው ጥርስ በነቀሉበት ጓንት ስልክ አነሱ፣ አፍንጫቸውን አሻሹ፣ ከዚያም ወደ እሷ ጎንበስ አሉ። አፏን ግጥም አድርጋ ዘጋች።

«ክፈቺ እንጂ!»

«መጀመሪያ ጓንቱን ይቀይሩልኝ፣ ዶክተር።»

ዶክተሩ ተቆጡ። ተራ ጠባቂው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብለው፣ «አንቺ ነሽ እኔን የምታስተምሪኝ? ስለዚህ በሽታ የተጻፈው ሁሉ እዚህ ውስጥ አለ!» አሉ፣ በዚያው ጓንት ግንባራቸውን እየመቱ። «ወይ እውቀቴን አምነሽ ክፈቺ፣ ወይ ጥርስሽን ይዘሽ ውጪ!»

«ኧረ አምኛለሁ፣ ዶክተር!» አለች መንጋጋዋን ደግፋ። «እውቀቱማ ጭንቅላትዎን ሞልቶታል። አፌ ውስጥ የሚገባው ግን እጅዎ ነው፤ እውቀቱ እጅዎ ድረስ እስኪወርድ ስንት ቀን ልጠብቅ?»