ያልተከፈተው ትምህርት

ወገኖቼ፣ በአንዲት የቆላ ከተማ የጤና ጣቢያውን የፀሐይ መብራት የሚከታተል አንድ ሰው ነበር። ደርበው እንበለው። ሰነፍ አልነበረም። ሽቦ ሲበጠስ ይቀጥላል፤ ጣራ ላይ ወጥቶ አቧራውን ይወለውላል። ባትሪው ምን ያህል እንደሚችል ግን አስልቶ አያውቅም። ማን አስተምሮት?

በኋላ የሚያስተምረው ተገኘ። ዩኒቨርሲቲ የሚማር ይበልጣል የሚባል አብሮ አደጉ፣ በኢንተርኔት በነፃ ከሚሰጡ ትምህርቶች ደህና ደህናውን እየመረጠ በቴሌግራም ላከለት። ሒሳብ፣ ኢኮኖሚክስ፣ የኤሌክትሪክ ኃይል አሠራር።

"ከሒሳቡ ጀምር። እሱን ከዘለልከው ሌላው አይገባህም" አለው።

"እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ፤ ዛሬውኑ እጀምራለሁ።"

ጀመረ? አልጀመረም። አወረደና አስቀመጠው። ሌላ ተላከለት፤ እሱንም አስቀመጠ። ስልኩ ሲሞላበት የሠርጉን ፎቶዎች አጥፍቶ አስቀመጠ! ላገኘው ሁሉ "ይህን ተማሩ፣ ግሩም ነው" እያለ ያስተላልፍ ጀመር። ባስተላለፈ ቁጥር ራሱ የተማረ መሰለው።

አንድ ቀን ነርሷ ሲስተር ፀዳለ ጠራችው። አዲስ የክትባት ማቀዝቀዣ መጥቶ ነበር።

"ደርበው፣ ይህን ብንሰካው ባትሪው ይችለዋል? ክረምት እየገባ ነው እኮ።"

"ትምህርቱ እጄ ላይ አለ ሲስተር፤ አይቼ እነግርሻለሁ። ለጊዜው ይሰካ።"

ተሰካ። እሱም ሳያየው ቀረ።

ክረምቱ ገባ፤ ሰማዩ እንደጠቆረ ሰነበተ። በአንዱ ዝናባማ ከሰዓት የደርበው ታናሽ እህት እናኑ እዚያው ጤና ጣቢያ ወለደች። ሕፃኑ መተንፈስ አቃተው። በኦክስጅን ማሽን ሲረዱት ፊቱ ቀላ፤ እናኑም እፎይ አለች። ብዙም ሳይቆይ መብራቱ ጠፋ። ማሽኑም ዝም አለ።

ደርበው ወደ ባትሪው ክፍል ሮጠ። ማቀዝቀዣውን ነቀለ፤ ሌላውንም ነቀለ። ምን ዋጋ አለው? ባትሪው ተሟጥጦ ነበር። ሲስተር ፀዳለ የአየር መስጫውን ፊኛ በእጇ እየጨመቀች ታገለች፤ እጇ እስኪዝል ታገለች። ሕፃኑ አልተረፈም።

ከቀብሩ መልስ ደርበው የኤሌክትሪኩን ትምህርት ከፈተው። ገና ከመጀመሪያው አገኘው፦ ከፀሐይ የሚገባውን ኃይልና በየዕቃው የሚወጣውን ማስላት። ማባዛትና መደመር ብቻ።

እናኑ አጠገቡ ተቀምጣለች።

"ባትሪው እንደማይችል ታውቅ ነበር?" አለችው።

"አላውቅም ነበር እናኑ። እውነቴን ነው።"

"ማወቅ ትችል ነበር?"

ምን ይበላት? እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏታላችሁ?

በደርበው ለመፍረድ አትቸኩሉ፣ ወገኖቼ። እስኪ የየራሳችንን ስልክ እንክፈት። ስንት ስብከት አለበት? ስለ ይቅርታ የሚናገረውን ለስንት ሰው ላክን? ልከን ስናበቃስ ከማን ጋር ታረቅን?

ደርበው ከዚያ በኋላ ተማረ። ሒሳቡንም ጨረሰ፣ የኃይሉንም ጨረሰ። ዛሬ ጎበዝ ባለሙያ ነው። እናኑ ግን እጇ ባዶ ነው።

አሁንም ስልካችሁን አንሥታችሁ የምትቀዱኝ አላችሁ፤ አያችኋለሁ። ቅዱ፣ አልከለክልም። ነገር ግን ለሌላ ሰው ከመላካችሁ በፊት፣ ያኮረፋችሁትን ሰው በር አንኳኩ። እናትሽ እየጠበቀችሽ ነው። ወንድምህ እየጠበቀህ ነው። እስከ መቼ እንደሚጠብቁ ማን ነገራችሁ?