መጣሁ አምባ

ከወንዙ ማዶ፣ ከገበያው መንገድ በስተግራ፣ አናቱን የቆሙ ድንጋዮች የከበቡት ኮረብታ አለ፤ ስሙም መጣሁ አምባ ይባላል። ሊጎበኝ የሚመጣ እንግዳ ስሙን ሲሰማ ደስ ይለዋል፤ እንግዳ ተቀባይ ስም ይመስለዋልና። ያገሩ ሰውም አያርመውም፤ አቀበቱን እስኪጨርስ ይታገሠዋል።

እንደሚነገረው፣ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ባገሩ ሳይተከል፣ ነፍስ ያጠፋ ሰው የሚዳኘው በነዚያ ድንጋዮች ፊት ነበር። ገዳዩ የልብሱ ጫፍ በመካከለኛው ድንጋይ ቀዳዳ ገብቶ ይቋጠርና ሰባት ቀን ይቀመጣል፤ ከታገሠ የሟች ወገን ይምረዋል። ለአፍታ መነሣት ቢያሻው የሥጋ ዘመዱ ዋስ ሆኖ በእሱ ቦታ ይቋጠራል። ገዳዩ ሳይመለስ ሰባቱ ቀን ካለፈ ግን ደሙ የዋሱ ነው፤ እሱ መጥቶ እስኪተካው ድረስ ዋሱ ከኮረብታው አይወርድም።

ይርጉ የሚባል ጎልማሳ በመስኖ ውሃ ተጣልቶ ጎረቤቱን ገደለና ተቋጠረ ይባላል። እናታቸው በጨቅላነቱ ሞታ ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ትርንጎ ነበረች። በሦስተኛው ቀን በቅሎዋን እታች ምንጩ ዳር አስራ፣ ቆሎ ይዛለት ብትወጣ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ ፊቱ አቧራ ለብሶ አገኘችው። ምንጩ ድረስ ወርዶ መታጠብ እንደሚፈልግ ነገራት። እሷም ሁለተኛ ሳታስለምነው ቋጠሮውን በገዛ እጇ ፈትታ የራሷን ነጠላ ጫፍ ቋጠረችበት።

«እትዬ፣ ተጣጥቤ መጣሁ» አላትና ወረደ።

ያን ቀን አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም። ሽማግሌዎቹ ኮብልሏል ሲሏት ተቆጣቻቸው፤ የልጄን ጠባይ እኔ አውቃለሁ፣ እባብ ነድፎት ይሆናል እንጂ አለች፤ አልቅሳም ፈልጉልኝ ብላ ለመነቻቸው። በአምስተኛው ቀን አንድ የጨው ነጋዴ አንገቱን ደፍቶ ወደ ኮረብታው ወጣ። ይርጉን የትርንጎን በቅሎ ተቀምጦ ቆላ ሲወርድ አግኝቶት፣ ስለ በቅሎዋ ቢጠይቀው «የሟች እህቴ ናት» ብሎት ኖሯል፤ እናም ነጋዴው ለዘመድ ሊያረዳ መምጣቱ ነበር። ሟቿን ከድንጋዩ ጋር ተቋጥራ ቁጭ ብላ ሲያያት ክው አለ።

ትርንጎ ነገሩን ሁሉ አዳመጠችው። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«ሞታለች ሲልህ አለቀሰ?»

«ኧረ አላለቀሰም።»

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይላል ያገሬ ሰው፤ ትርንጎን ግን የጣላት በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው ነው። ያን ዕለት ልቧ ተሰበረ፤ ኮረብታው ላይ መቅረቷ እንኳ የዚያን ያህል አላመማትም ይባላል። ሰባቱ ቀን አለፈ፤ ሕጉም ሕግ ነውና፣ በድንጋዮቹ መካከል ጎጆ ተቀለሰላት።

ሠላሳ ዓመት ኖረችበት። አንድ ቀን፣ ይርጉ አርጅቶ፣ ስደቱም አንገፍግፎት፣ ምንጩ ዳር ቆመና ወደ ላይ ተጣራ። «እትዬ፣ መጣሁ!» ሲል ያገሩ ሰው ሁሉ ሰማው። ይቅርታዋን ፈልጎ ነበር እንጂ ቋጠሮውንስ አልፈለገውም፤ ወደ ላይ አንድ እርምጃ አልተራመደም። እሷም ነጠላዋን አጣፍታ እስከ ገደሉ አፋፍ መጣች፤ ረጅም ጊዜም አየችው።

«እሱንማ ያኔም ብለኸኛል» አለችው።

ይህንኑ ብላ ወደ ጎጆዋ ተመለሰች። ከዚያም ወዲያ ስለ እሱ ስትናገር የሰማት የለም፤ መቃብሯም እዚያው ነው ይላሉ።

እነሆ እስከ ዛሬ በዚያ ኮረብታ ላይ ማንም ሰው ከጓደኞቹ ለአፍታ ሲለይ «መጣሁ» አይልም። እንግዳ ሳያውቅ ሊል ሲጀምር ሽማግሌዎቹ አፉን ያስይዙታል። እዚያ የሚወርድ ሰው «ሄድኩ» ብሎ ይወርዳል፤ የቀረውም አይጠብቀውም።