ገርበብ ያለው በር

ሴትዮዋ ዳነች፤ መዳን ግን አልቻለችበትም።

ጡቷ ላይ ዕጢ ወጥቶባት ነበር። ቀዶ ጥገናውን አደረገች። መድኃኒቱን ወሰደች። ፀጉሯ ረገፈ፤ ፀጉሯ መልሶ በቀለ። በመጨረሻ ሐኪሟ «አሁን ደህና ነሽ፤ በየጊዜው እየመጣሽ ግን ትታያለሽ» አለቻት።

ደህና ነህ የተባለ ሰው ምን ያደርጋል? ወደ ቤቱ ይሄዳል። በልቶ ይተኛል። ይቺ ሴትም ሄደች፣ በላች፣ ተኛች። እጇ ግን አልተኛም። ጠዋት ገና ዓይኗን ስትገልጥ ቀኝ እጇ ግራ ብብቷ ሥር ገብቶ ይፈልጋል። ታክሲ ውስጥ ይፈልጋል። የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ድንገት የስፌት መኪናዋን ታቆምና ትዳብሳለች። ምንም የለም። ምንም የለም ካለች በኋላ ደግሞ «በደንብ አልዳበስኩም ይሆናል» ትላለች።

ይቺን ሴት የሺመቤት እንበላት።

የመጀመሪያው የክትትል ቀጠሮዋ ደረሰ፤ አሞኛል ብላ ቀረች። እስቲ አስቡት፤ ሰው አሞኛል ብሎ ከሐኪም ይቀራል? ሁለተኛው ቀጠሮ ደረሰ፤ ዝናብ ነው አለች። ወሩ ጥር ነበር።

ታናሽ እህቷ ትርንጎ ግን የምትታለል አልነበረችም።

«እቴቴ፣ ሐኪሟ ነይ ብላሻለች እኮ።»

«እሄዳለሁ አልኩሽ።»

«መቼ? በቃሬዛ?»

«መጀመሪያ እግዚአብሔር ይንገረኝ። ይመለሳል ወይስ አይመለስም? እሱን ብቻ ይንገረኝና ያን ጊዜ እሄዳለሁ።»

«እግዚአብሔርን የላብራቶሪ ሠራተኛ አደረግሽው?»

«አትቀልጂ። ዝግ ሱባኤ እገባለሁ። አፌን ዘግቼ ከተቀመጥኩ ይነግረኛል።»

ትርንጎ ሳቋ አመለጣት። «አንቺ? አፍሽን ዘግተሽ? እሱ ራሱ ተአምር ነው!»

ሳቋን ስትጨርስ ግን ፊቷ ጠቆረ። በሽታው በጊዜው ካልታየ እንዴት እንደሚመለስ ሐኪሟ ስትናገር ሰምታለች። «እሺ» አለች፤ «እኔው ወስጄሽ እኔው እመልስሻለሁ። በወጣሽ ማግስት ግን ሆስፒታል ነው፤ ቀጠሮውን እኔ አስይዛለሁ። ማርያምን?»

«ማርያምን» አለች የሺመቤት።

በልቧ ግን «ከተነገረኝ» የምትል ትንሽ ቃል ጨምራበታለች። ቅጥያዋን ትርንጎ አልሰማችም።

እናንተስ እንዲህ አትምሉም? አፋችሁ ሲምል ልባችሁ ዳር ላይ አንዲት ቃል አይቀጥልም?

የሴቶች ገዳሙ ተራራ ላይ ነው፤ ከሥሩ ገደል፣ ከገደሉ ጉም የሚነሣበት። ሱባኤ ለሚገቡ ሰዎች በተርታ የተሠሩ ትንንሽ የጭቃ በኣቶች አሉ፤ መደብ፣ አንዲት መስኮት፣ አንድ በር። እመምኔቷ ደንቡን ለመናገር ብዙ ጊዜ አልፈጁም።

«ልጄ፣ እዚህ ያለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው አርምሞ ነው፤ ቃል ከአፍሽ አይወጣም። ሁለተኛው በርሽን አትዝጊም፤ ገርበብ አድርገሽ ተዪው። እዚህ የሚመጣው አብዛኛው ሕመምተኛ ነው፤ ድሮ አንዷ በሯን ዘግታ ራሷን ስታ ስትውል ማንም አላወቀም። ስለዚህ በሩ ገርበብ ካለ ሰው አለ እንላለን፤ ከተዘጋ ባዶ ነው እንላለን። ስትወጪ ትዘጊዋለሽ።»

ትርንጎ እህቷን ሳመቻትና ወረደች። የሺመቤት አፏን ዘጋች።

ጆሮዋን ግን እንደ ወጥመድ ዘርግታ ተቀመጠች።

ወፍ ስትጮኽ «ይሄ አዎ ነው?» ትላለች። የወይራ ቅጠል በበሩ ክፍተት ሲገባ «ይሄ አይሆንም ነው?» ትላለች። ቅጠሉን ታነሣና ታገላብጠዋለች፤ በጀርባው በኩል የተጻፈ ነገር ያለ ይመስል። አንድ ቀን ወንዝ አለመች። ወንዙ ንጹሕ ከሆነ መልካም ነው፤ ድፍርስ ከሆነ ክፉ ነው፤ ይሄንን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች። ችግሩ ስትነቃ የውሃው መልክ ጠፋባት። ቀኑን ሙሉ በሕልሟ ያየችውን ውሃ ቀለም ስታስታውስ ዋለች። እጇም ብብቷ ሥር አብሯት ዋለ።

አፏ ዝም ብሏል። እሷ ግን ዝም ብላለች?

ከግድግዳው ወዲያ ባለው በኣት እማማ ደብሪቱ የሚባሉ አሮጊት ነበሩ። ሲያስሉ ይሰማታል። የራሰ ሽምብራ ሲያኝኩም ይሰማታል፤ በዚያ ገዳም የሱባኤ ምግብ እሱ ነው። የሺመቤት ሳሉንም እንደ ምልክት መስማት ጀምራ ነበር።

አንድ ረፋድ ላይ ውሃ ቀድታ ስትመለስ የእማማ ደብሪቱን በር አየችው። ተዘግቷል።

የተዘጋ በር ባዶ ነው። ነገር ግን የላስቲክ ጫማቸው ደጃፉ ላይ አለ። ጫማውን ትቶ የሚሄድ ሰው ወዴት ነው የሚሄደው?

የሺመቤት «መልሱ ይኸው» አለች በልቧ፤ «ግድግዳዬ ድረስ መጣ።» ጀሪካኗ ከእጇ ወደቀ። ስትጠብቅ የከረመችው ቃል ቀርቶ የራሷ ጩኸት ወጣ።

«እማማ! እማማ ደብሪቱ! ኧረ የሰው ያለህ! ኧረ ሞተዋል!»

በሩን በትከሻዋ ገፋችው። በሩም ምንም ሳይታገላት ወለል አለ። እማማ ደብሪቱ መደባቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሳህናቸውን በነጠላ ሸፍነው እቅፍ አድርገዋል፤ ጉንጫቸው በሽምብራ ተወጥሯል።

«ማነው የሞተው?» አሉ ደንግጠው።

«እርስዎ!»

«እኔ? መቼ?»

«በሩ... በሩ ተዘግቶ...»

«ጦጣዋ ናት እንጂ! ትናንት ሽምብራዬን ጠርጋ በላችብኝ። ዛሬም መጥታ ደጃፌ ላይ ተጎልታ ታየኛለች። ታዲያ ገርበብ አድርጌ ግቢ ልበላት?»

ጣሪያው ላይ የሆነ ነገር ኮሽ አለ። ሁለቱም ወደ ላይ ቀና አሉ። የሺመቤት ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ሳያልቅ ማልቀስ ጀመረች፤ እማማ ደብሪቱም ቦታ ለቀቁላት።

«ሱባኤዬን አፈረስኩት» አለች ዓይኗን እየጠረገች።

«የኔንም ጭምር ነው ያፈረስሽው። አይዞሽ፣ አብረን ነን። ምን ልትለምኚ መጥተሽ ነው?»

ነገረቻቸው። ዕጢውን፣ እጇን፣ ቀጠሮውን፣ በልቧ የጨመረችውን ቃል ሳይቀር።

«እስካሁን ግን ምንም አልተነገረኝም። እርስዎ ከዚህ በፊት መጥተው ያውቃሉ?»

«ኩላሊቴን ታምሜ ከሞት አፋፍ ከተመለስኩ ወዲህ በየዓመቱ እመጣለሁ።»

«ታዲያ ምን ይነገርዎታል?»

«ለኔ? ምንም።»

«ምንም?»

«ምን እንዲነገረኝ ነው? እኔ ዝም ልል ነው የምመጣው። ቤቴ ልጄ ይጮኻል፣ ምራቴ ትጮኻለች፣ ቴሌቪዥኑ ይጮኻል። ሁሉም ጸጥ ሲሉ ደግሞ የራሴ ልብ ተራ ይይዛል። ዛሬ ጎንሽን አመመሽ? እዚህ ጋ ምንድን ነው? ከርሞ ትኖሪያለሽ? እያለ ይነተርከኛል። እዚህ ስመጣ አልመልስለትም። ይለፈልፍና ሲደክመው ይተወዋል። እሱ ዝም ካለ በኋላ ምን እንደሚመጣ ታውቂያለሽ?»

የሺመቤት ጠጋ አለች። ይኸው፣ ሊነገራት ነው። «ምን ይመጣል?»

«ሽምብራው ይጣፍጠኛል።»

በዚህ መካከል እመምኔቷ ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ሁለቱም አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። እመምኔቷ አንዷን አዩ፣ ሌላዋን አዩ፣ የተደፋውን ውሃ አዩ። የሺመቤትን በእጃቸው ወደ በኣቷ መሯት፤ የእማማ ደብሪቱንም በር ገርበብ አድርገው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ያለው ዝምታ ሌላ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከገደሉ ተነሥቶ መጣ። ገርበብ ባለው በር እንደ ቤተኛ ሳያንኳኳ ገባ። የሺመቤት «ይሄ ምን ማለት ይሆን?» አላለችም። ጉም ነው። ገባ። መደቡን ሸፈነው፤ እግሯን ሸፈነው። ግድግዳው የት ላይ እንደሚያልቅ፣ እሷ ከየት እንደምትጀምር መለየት አቃታት። ከሩቅ ደወል ተመታ። ድምፁ ውሃ ውስጥ እንደ ተጣለ ጠጠር ቀስ እያለ ወረደ። ታች እስኪደርስ ጠበቀች። ታች አልነበረውም።

ተኝታ ይሁን ነቅታ አታውቀውም፤ ወንዙ ተመልሶ መጣ። ከማዶ እናቷ ልብስ ታጥባለች። እናቷ ከሞተች ቆይቷል፤ ግን ልብሱን ስትጨምቀው ውሃው ሲንጠባጠብ ይሰማል። ቀና ብላ አላየቻትም። የሺመቤትም አልተጣራችም። ወዲህ ማዶ ቁጭ ብላ እግሯን ውሃው ውስጥ ነከረችው። ውሃው ንጹሕ ነበር ወይስ ድፍርስ? አላየችውም። ቀዝቃዛ ነበር፤ ደስ ይል ነበር።

ስትነቃ ፍቺ አልፈለገችለትም።

በማግስቱ ፀሐይ ወጣች። የሺመቤት ደጃፏ ላይ ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ድንጋዩ ሞቋል። ከግድግዳው ወዲያ ሽምብራ ይታኘካል። ጦጣዋ ወይራው ላይ ሆና ቅጫሟን ትለቅማለች። የዛፉ ጥላ ፈቀቅ ፈቀቅ እያለ እግሯ ድረስ መጣ፤ ያን ጊዜ አንድ ነገር ልብ አለች። ቀኝ እጇ ከጠዋት ጀምሮ ብብቷን አልነካም። ማንም አልከለከለውም። ሞቃቱ ድንጋይ ላይ ተዘርግቶ ተኝቷል።

እጇ ተኛ።

በሚቀጥለው ቀን እጇ እንደገና ወደ ብብቷ ሄዷል፤ አልዋሻችሁም። ሄደ፣ ዳበሰ፣ ተመለሰ። እሷም ውሃ ቀድቶ እንደ ተመለሰ ሰው አየችው፤ አልተከተለችውም።

እዚህ ላይ ታሪኩን ላቁመውና ወደ እናንተ ልምጣ።

ከመካከላችሁ ታሞ የዳነ አለ? አለ። ከዳናችሁ በኋላስ ስንት ጊዜ ታመማችሁ? ሐኪሙ ጨርሻለሁ ካለ በኋላ በሽታውን ማን እየቀለበ አኖረው? ጸሎታችሁንም አስቡት። ትለምናላችሁ፤ ከዚያ ትንሽ ዝም ትላላችሁ፤ በአንድ ዓይናችሁ ሰዓት ታያላችሁ፤ ጆሯችሁ ቆሞ «ቀጣይ» እስኪባል ትጠብቃላችሁ። እሱን ዝምታ ትሉታላችሁ? ወረፋ ነው። ባንክ ውስጥም እንዲሁ ነው የምትቀመጡት።

ዝም በሉ። መልስ ለማግኘት ብላችሁ አይደለም፤ ዝም በሉ ብቻ። ሁላችሁም ገዳም ሂዱ አላልኩም፤ ሥራ አላችሁ፣ ልጅ አላችሁ። ከምሳ በኋላ ግን ስልካችሁን ሌላ ክፍል ጥላችሁ መቀመጥ ያቅታችኋል? ልባችሁ ይለፈልፋል። ይለፍልፍ። አትመልሱለት። በራችሁን ገርበብ አድርጉና ተቀመጡ፤ ማን ይገባል ብላችሁ አታፍጥጡበት። እግዚአብሔር ሊገባ ሲፈልግ የእናንተ መጠባበቅ አያስገባውም፤ አያስቀረውምም።

ቀጠሮ ያለው ደግሞ ወደ ቀጠሮው ይሂድ። ሱባኤ ከሐኪም መደበቂያ ዋሻ አይደለም። በዚህ በዚህ ትርንጎ ልክ ነበረች።

አሁን የምትጠይቁትን አውቃለሁ። ውጤቱስ? ምርመራው ምን አለ? ተመለሰባት ወይስ አልተመለሰባትም? ይኸው፣ አንገታችሁን አስግጋችኋል። እናንተም ልክ እንደ እሷ ወጥመዳችሁን ዘረጋችሁ።

አልነግራችሁም። እሷ ከገዳሙ በወጣችበት ቀን በሯ ላይ ስትቆም አላወቀችም፤ እናንተም ሳታውቁ ወደየቤታችሁ ትሄዳላችሁ። ሰላሟን ያገኘችው ከውጤቱ በፊት ነው። ከውጤቱ በኋላ የሚመጣ ሰላም ከሆነማ በየቀጠሮው የሚታደስ ነው።

የምነግራችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። የሱባኤው መጨረሻ ቀን ትርንጎ አቀበቱን እያለከለከች ወጥታ በኣቷ ደጃፍ ድረስ መጣች።

«እቴቴ፣ ተነገረሽ?»

«አልተነገረኝም።»

የትርንጎ ትከሻ ወረደ። ለክርክር ያዘጋጀችው ሁሉ ጠፋባት። «ታዲያ... አትሄጂም ማለት ነው?»

«ቀጠሮው ነገ አይደል? ጠዋት ነው ከሰዓት?»

«ጠዋት።»

«እንግዲያው ቶሎ እንውረድ። መንገድ ላይ ሽምብራ ትገዢልኛለሽ።»

«ሽምብራ? ሳምንቱን ሙሉ ስትበይው ከርመሽ?»

የሺመቤት ነጠላዋን አነሣች። በጎረቤት፣ ገርበብ ካለው በር ኋላ፣ እማማ ደብሪቱ አንድ ጊዜ ሳሉ፤ ሳል ነበር፣ ሌላ ምንም አልነበረም። ወደ መደቡ ዞራ አየች። ምንም አልረሳችም። ወጣች፤ በሩንም ሳበችና ዘጋችው።