ኢንተርኔቱን የነቀለው ሰው

አንድ ሰው ጠረጴዛ ሥር ተንበርክኮ ገመድ ይዟል።

ጸሎት ላይ አይደለም። ሥራ ላይ ነው። አዳማ ውስጥ፣ በአንድ ዕቃ አስመጪ ድርጅት፣ የኮምፒውተርና የኢንተርኔት ጉዳይ የሚመለከተው እሱን ነው። እንዲህ ያለ ሰው በየመሥሪያ ቤታችሁ አለ። ኢንተርኔቱ ሲሠራ ማንም ስሙን አይጠራም፤ ሲቋረጥ ግን ፎቁ በሙሉ ይጣራል። ፕሪንተሩ ወረቀት ሲጎርስ እሱ ነው። የይለፍ ቃል ሲረሳ እሱ ነው። ኮምፒውተሩ ሥራ በሚበዛበት ሰዓት «ራሴን ላድስ» ብሎ ሲዘጋ እንኳ ተወቃሹ እሱ ነው። ደምሰው ይባላል። የሥራ ባልደረቦቹ «የደምሰው ሙያ ሁለት ነው፤ ማጥፋትና ማብራት» እያሉ ይቀልዱበታል፤ እሱም አብሯቸው ይስቃል።

ያን ዕለት ግን ገመዱን የያዘው ሊጠግነው አልነበረም። ሊነቅለው ነበር።

ለምን?

ትንሽ ቀደም ብሎ ስልኩን ከፍቶ ነበር። ያደገው አሰላ ነው፤ የሰፈሩ ልጆች የቴሌግራም ግሩፕ አላቸው። እዚያ ላይ የአንድ ወጣት ፎቶ አየ። የምርቃት ጋውን ለብሶ የሚስቅ ልጅ። ከጎኑ ሻማ ተደርጎበታል። ከሥሩ «ነፍስ ይማር ወንድማችን ይስሐቅ» ይላል። ከዚያ በታች የሚያለቅሱ ፊቶች፣ የተሰበሩ ልቦች፣ «እውነት ነው እንዴ?» የሚሉ ጥያቄዎች ይግተለተላሉ። ልጁ በዚያው ማለዳ በመኪና አደጋ ሞቷል።

የይስሐቅ እህት ፍሬሕይወት የደምሰው ባልደረባ ናት። በዚያች ሰዓት ከፊት ለፊቱ ተቀምጣ ከጓደኛዋ ከሮማን ጋር ትሳሳቃለች።

አልሰማችም።

ደምሰው ወደ ኮሪደሩ ወጣ። ወዲያው ስልኩ ጮኸ። ከአሰላ ጀምሮ የሚያውቁት የፍሬሕይወት አጎት ጋሽ ንጋቱ ነበሩ።

«ደምሰው፣ ልጄ፣ አይታዋለች?»

«ኧረ አላየችም ጋሼ።»

«መንገድ ላይ ነን። እየመጣንላት ነው። እነዚህ ልጆች ፎቶውን በትነውት የለ! እባክህን፣ እኛ እስክንደርስ ብቻዋን እንዳትሰማው።»

ወገኖቼ፣ የመርዶን ወግ እናንተም ታውቁታላችሁ። በእኛ ዘንድ ሞት ብቻውን በር አያንኳኳም። ሰው ይሰበሰባል። ማን ይናገር፣ ማን በቀኝ ይቁም፣ ማን ውሃ ይያዝ ይባላል። ልቡ ደካማ ከሆነ ቀስ ይባላል። ሰውየው ከመውደቁ በፊት የሚወድቅበት ክንድ ይዘጋጃል።

ስልክ ክንድ የለውም።

ደምሰው ይህን ሁሉ አላሰላሰለም። ያሰበው አንድ ነገር ብቻ ነው። ፍሬሕይወት ኮምፒውተሯ ላይ ቴሌግራሟን ቀኑን ሙሉ ከፍታ ነው የምትውለው፤ ስልኳም ኢንተርኔት የሚያገኘው በመሥሪያ ቤቱ ዋይፋይ ነው። ገብቶ ጠረጴዛው ሥር ተንበረከከና ገመዱን ነቀለው።

«ደሜ! ኢንተርኔት ሄደ!» አለች ሮማን ከወንበሯ ሳትነሣ።

«አውቃለሁ።»

«ታውቃለህ? ታዲያ ምን ቁጭ አደረገህ? አጥፍተህ አብራዋ! ሙያህ አይደል?»

ሳቅ ሆነ። ፍሬሕይወትም ሳቀች። ደምሰውን የከበደው የእሷ ሳቅ ነው።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ጌጡ ከቢሯቸው ብቅ አሉ። ድምፃቸው ከእሳቸው ቀድሞ የሚደርስ ሰው ናቸው።

«ደምሰው! የጉምሩክ ሰነድ ልልክ ስል ነው እኮ የጠፋው! ምን ሆነ?»

«እኔ ነኝ የነቀልኩት አቶ ጌጡ። ሰነዱን በፍላሽ ይስጡኝ፤ በራሴ ስልክ አሁኑኑ እልከዋለሁ።»

«ነቀልኩት? ማን አዞህ?»

«ማንም።»

«ምክንያት?»

«አሁን ልነግርዎ አልችልም።»

አቶ ጌጡ ሰው ፊት እንዲህ ተመልሶላቸው አያውቅም። «በጽሑፍ ትጠየቅበታለህ!» አሉና ፍላሹን ጠረጴዛው ላይ ወርውረው ገቡ።

ለምን ወደ ጎን ጠርቶ አልነገራቸውም? ትሉ ይሆናል። አቶ ጌጡ ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ይነግራቸው ነበር። ችግሩ ደግ መሆናቸው ነው። ሰምተው ፊታቸውን መደበቅ አይችሉም። ሮማንም አትችልም። አንዷ እንባዋን ስትጠርግ፣ አንዱ አንገቱን ሲደፋ፣ ፍሬሕይወት ከፊታቸው ላይ ታነበዋለች። ስለዚህ ደምሰው ሸክሙን ለማንም አላካፈለም። ሰነዱን ላከ። ቁጣቸውን ዋጠ።

ከዚያ የፈራው መጣ። ሮማን ስልኳን አነሣችና «ፍሬ፣ እሱን መጠበቅ ተይና ከእኔ ሆትስፖት ውሰጂ» አለቻት። ፍሬሕይወት ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች።

«ፍሬ!» አለ ደምሰው። ድምፁ ከፍ ብሎበት ራሱም ደነገጠ። «ያን የሚንቀራፈፍ ስልክሽን አምጪው እስቲ። ዛሬ ላጽዳልሽ።»

«እውነትህን ነው? ስንት ወር ስለምንህ!»

«ኢንተርኔት የለም፣ ሥራ የለም። አምጪው።»

«ኢንተርኔቱን ነቅሎ ሥራ የለኝም ይላል እንዴ!» አለች ሮማን። ፍሬሕይወት ግን ወንበሯን ጎትታ አጠገቡ ተቀመጠች።

ስልኩ ሞልቶ ነበር። ሰው ለሰው ያስተላለፈው ቪዲዮ፣ «ለአሥር ሰው ካልላክህ በረከት ያልፍሃል» የሚል ማስፈራሪያ፣ «እንደምን አደርሽ» የተጻፈበት ጽጌረዳ፣ እንደገና ጽጌረዳ።

«ይሄ ሁሉ አበባ ከየት መጣ?»

«አክስቴ ናት። በየጠዋቱ ነው የምትልከው። አጥፋው፤ ብቻ እንዳትነግርብኝ።»

አጠፋው። ቀጥሎ ስልኩ ራሱ «የማያስፈልጉ ምስሎች» ብሎ ሰብስቦ አቀረበለት። የተንቀጠቀጡ፣ ብዥ ያሉ ፎቶዎች ናቸው። ይስሐቅ ነበር። ይስሐቅ ሲዘል፤ ይስሐቅ ቆቡን ወደ ላይ ሲወረውር፤ ይስሐቅ እናቱን አቅፎ ምላሱን ሲያወጣ።

«ኧረ አጥፋልኝ!» አለች ፍሬሕይወት። «ይሄ ልጅ አንድ ቀን እንኳ ቀጥ ብሎ ቆሞ ፎቶ ተነሥቶ አያውቅም።»

የደምሰው ጣት መስታወቱ ላይ ቆመች። ማሽኑ የጠየቀው ቀላል ጥያቄ ነው፤ ይጥፋ ወይስ ይቆይ?

«እነዚህ ይቆዩ» አለ።

«ብዥታ ምን ያደርግልኛል? ሌላ አነሣዋለሁ።»

ወገኖቼ፣ ያንን ቃል ሰምቶ ፊትን ሳይለውጡ መቀመጥ ምን ያህል ይከብዳል? ደምሰው ዓይኑን ከስልኩ ላይ አላነሣም። «ቦታ አይዙም» አለ። «ይቆዩ።»

ፍሬሕይወት ሻይ ልታመጣለት ሄደች። እሷ እንደሄደች ስልኩ እጁ ላይ ተንቀጠቀጠ። «ሔኖክ የይስሐቅ ጓደኛ» ይላል። አላነሣውም። ድምፁን አጠፋው። ቆም አለና እንደገና ተንቀጠቀጠ።

«የደወለልኝ አለ?» አለች ሻዩን እያስቀመጠች።

«አለ። ስልኩን ስጨርስ እሰጥሻለሁ፤ ያኔ ትደውያለሽ።»

«እሺ ዶክተር!» አለችና ስኳሩን አማሰለችለት።

ደምሰው ያንን ሻይ ጠጣ። እየጠጣም ራሱን ጠየቀ፤ የሰው ሐዘን ደብቄ የምቀመጥ እኔ ማን ነኝ? ወንድሟ ሞቶ እሷ ስኳር እያማሰለችልኝ! ደግሞ ጋሽ ንጋቱ ባይደርሱስ? ስልኩን ማጽዳቱን ቀጠለ። ጽኑ ሰው የሚባለው ጥርጣሬ የሌለበት ይመስላችኋል? አይደለም። እየተጠራጠረም ከአጠገቧ ያልተነሣው ነው።

በመጨረሻ መኪናው ግቢው ውስጥ ቆመ። ጋሽ ንጋቱ ጋቢያቸውን ደርበው ገቡ፤ ከኋላቸው የፍሬሕይወት አክስትና ሁለት የጎረቤት ሴቶች።

ፍሬሕይወት ብድግ አለች። «ጋሼ! ምን እግር ጣላችሁ?»

ከዚያ ፊታቸውን አየች። የአክስቷን ፊት አየች። የጎረቤቶቹን አየች።

«ማነው?» አለች። «ጋሼ፣ ማነው?»

ጋሽ ንጋቱ ጋቢያቸውን ከፈቱ። ሴቶቹ በግራና በቀኝ ቆመው ነበር። ፍሬሕይወት ስትወድቅ የነካችው ወለሉን አይደለም፤ የአጎቷን ደረት ነው። የወንድሟን ስም የሰማችውም እዚያው፣ ደረታቸው ላይ ሆና ነው።

ሮማን ራሷን ይዛ ጮኸች። አቶ ጌጡ በራቸው ላይ ቆመው ቀሩ።

ፍሬሕይወትን ይዘዋት ከሄዱ በኋላ ደምሰው እንደገና ተንበርክኮ ገመዱን ሰካው። መብራቶቹ ብልጭ ድርግም አሉ። በየጠረጴዛው ያሉ ስልኮች እየተከታተሉ መጮህ ጀመሩ።

«ለምን ለእኔ አልነገርከኝም?» አሉት አቶ ጌጡ።

«ብነግርዎ ያለቅሱ ነበር።»

አቶ ጌጡ ሊከራከሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን እያለቀሱ ነበር።

ፍሬሕይወት ወደ ሥራ የተመለሰችው ጥቁር ለብሳ ነው። ቀጥታ ወደ ደምሰው ጠረጴዛ ሄደች።

«ተቀይሜህ ነበር» አለችው። «አገር ሁሉ አውቆ እኔ ከአንተ ጋር ሻይ እየጠጣሁ እስቃለሁ። ‹ሌላ አነሣዋለሁ› ያልኩህ ትዝ ይለኛል፤ ሌሊት ያባንነኛል።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አለ ደምሰው።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ ነው። እሱ ታክሲ ውስጥ ሆኖ ከስልኩ ላይ ነው ያየው። ብቻውን። ከማያውቃቸው ሰዎች መሀል። ሾፌሩ ‹ምን ሆነ ይሄ ሰውዬ? አውርዱት› ይል ነበር አሉ። አወረዱት፤ መንገድ ዳር ተቀምጦ አለቀሰ። እስከዛሬ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ለሌላ ሰው ሰጥቶ ነው የሚያስነሣው።» ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። «እኔ ሰው ይዞኝ ነው የሰማሁት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

እንግዲህ ወገኖቼ፣ በዚህ ሰው ምን እናደንቃለን? ሙያውን? ገመድ መንቀል ሕፃንም ይችላል። የምናደንቀው አገር ሁሉ ሲቸኩል ለአንዲት ሴት ብሎ መዘግየቱን ነው። «ምን ዓይነት ሰው ነው?» እየተባለ፣ ፍቅሩን ሳይገልጥ፣ እየተነቀፈ መውደዱን ነው። እንዲህ የሚወድ ማን ነው? ለምን እንደሆነ ሳይገባን እየተቆጣነው፣ በደጃችን ቆሞ የሚጠብቀን ማን ነው? እናንተው መልሱት።

የተቋረጠ ኢንተርኔት ሁሉ ምሕረት ነው አልላችሁም። አንዳንዱ ገመድ በቁፋሮ የተበጠሰ ገመድ ብቻ ነው፤ አማርሩ፣ መብታችሁ ነው። እኔ የምጠይቃችሁ ስለ ገመዱ አይደለም። ስለ ጣታችሁ ነው።

ያንን ፎቶ የበተኑት የይስሐቅ ጠላቶች ነበሩ? አልነበሩም። ጓደኞቹ ናቸው። ከልባቸው ያለቀሱለት ናቸው። ሻማውን የለጠፉት በእንባ ነው። ግን «እህቱ ሰምታለች ወይ?» ብሎ የጠየቀ ከመካከላቸው አልነበረም። እናንተስ? ባለፈው ጊዜ «ነፍስ ይማር» ብላችሁ ስትጽፉ ጠይቃችኋል? ሐዘናችሁን ለማን ነበር የምታሳዩት? ለሐዘንተኛው ነው ወይስ ለተመልካቹ?

ዛሬ ከዚህ ጉባኤ ስትወጡ ስልካችሁን ትከፍታላችሁ። ትከፍታላችሁ፤ አውቃችኋለሁ፤ አንዳንዳችሁ አሁንም ከፍታችኋል። አንድ ቀን የምታውቁትን ሰው ፎቶ ሻማ ተደርጎበት ታያላችሁ። ጣታችሁ ይፈጥናል። የመጀመሪያው መሆን ያምራችኋል።

ያኔ እናቱን አስቡ። የት ናት? ከማን ጋር ናት? ማን ይዟታል? ካላወቃችሁ አትጻፉ። ስልኩን አስቀምጡት። ነጠላችሁን አንሡ፣ ጎረቤት ጥሩ፣ ወደ ቤቷ ሂዱ።