«እኔን» የማይባልበት ሱቅ

አንድ የመስታወት ነጋዴ ነበር። እናኑ የምትባል መስታወት ቆራጭ ነበረችው፤ እጇ የተባረከ ስለሆነ ደንበኛው ሁሉ የሚመጣው እሷን ብሎ ነው። የሱቁ መግቢያ ደረጃ ግን ጠርዙ ተሸርፎ ነበር። ሠራተኞቹ «ጋሼ፣ ይጠገንልን» ባሉት ቁጥር «እያያችሁ ርገጡ!» ይላቸዋል።

አንድ ቀን እናኑ ትልቅ መስታወት ታቅፋ ስትወጣ ደረጃው አዳለጣትና በጀርባዋ ወደቀች። መስታወቱን ግን አልለቀቀችም። በእኛ አገር እንኳን የሚያውቁት ሰው፣ መንገደኛም ሲደናቀፍ «እኔን!» ይባላል። ነጋዴው ግን እየሮጠ መጣና «መስታወቱን!» አለ። ከደረቷ ላይ አንስቶ አገላብጦ አየው። ደህና ነው። «ተመስገን!» ብሎ ይዞት ገባ። እሷ ክርኗ እየደማ ብቻዋን ተነሳች።

ወሩ ሳያልቅ ልትሰናበት መጣች። ከመንገዱ ማዶ ባለው ሌላ የመስታወት ሱቅ ልትቀጠር ነው።

«ምን ያህል ቢጨምሩልሽ ነው?» አላት።

«ኧረ እንዲያውም ከእርስዎ ያንሳል።»

«ታዲያ ምን ሆንኩ ብለሽ ነው?»

«እዚያ ሰው ሲወድቅ ‹እኔን› ይላሉ፣ ጋሼ።»

«ለአንዲት ቃል!» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ሌሎቹ ሠራተኞችም ተራ በተራ ተከተሏት፤ ደንበኛውም መንገዱን ተሻገረ።

ብቻውን የቀረው ነጋዴ አንድ ጠዋት መስታወት ተሸክሞ ሲወጣ ያው ደረጃ ጣለው። መስታወቱ እንክትክት አለ። ከማዶ አንዲት ሴት «እኔን! እኔን ጋሼ!» እያለች ሮጣ መጣች። እናኑ ናት። ስብርባሪውን ዘወር ብላ እንኳ አላየችውም። ደግፋ አነሳችው፤ አቧራውን እያራገፈችለት «የት ላይ ተጎዱ?» አለችው።

ነጋዴው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር። «ክርንሽስ ዳነ?» ሊላት አሰበ፤ ግን ያኔ ያልጠየቀውን ዛሬ በምን አፉ ይጠይቅ? አንገቱን ደፍቶ ወደ ሱቁ ገባ። እዚያም መሸሸጊያ አላገኘም። ግድግዳው ሁሉ መስታወት ነው፤ ወደየትም ቢዞር የሚያገኘው ያንኑ የራሱን ፊት ነው።

በማግስቱ ደረጃውን አስጠገነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! የሚረግጠው ሠራተኛ አልነበረም።

ሠራተኛን ደመወዝ ያመጣዋል፤ የሚያቆየው ግን በወደቀ ጊዜ የሚያነሳው እጅ ነው። እርስዎስ? አብሮዎት የሚሠራ ሰው የወደቀ ዕለት ከአፍዎ ቀድሞ የሚወጣው «እኔን» ነው ወይስ «ዕቃውን»?